መሣሪያው ለፊደላችን ይታዘዝ

ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ የምጀምረው ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከጽሕፈት መኪና ነው። የፈረንጆቹ የጽሕፈት መኪና የተሠራው 26 ፊደላት ላሉት ቋንቋ ነው። የእኛ ገበታ ግን 33 ቤት ነው፤ እያንዳንዱም ቤት ሰባት መልክ ስላለው ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ፊደላት ይሆናል። እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች ለአማርኛ የሚሆን የጽሕፈት መኪና ለማግኘት ሲደክሙ ዋናው እንቅፋት ይኸው ነበር። ይህ ሁሉ ፊደል በጥቂት ቍልፎች ላይ ሊሰፍር ስለማይችል፥ ፊደሉን ለብቻ፥ ቅጥሉን ለብቻ አድርጎ መምታት ግድ ሆነ። በዚያ መኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ በቤታችሁ ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱት፤ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥል ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ ታገኙታላችሁ።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ፊደላችን ለመኪና እንዲመች ተቀንሶና ተሻሽሎ ይጻፍ ብለው እስከ መከራከር ደርሰዋል። አሳባቸው የስንፍና አልነበረም። መኪናው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ እንደ ልብ አይለወጥም፤ ስለዚህ የሚለወጠው ፊደሉ ነው ብለው ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ብረት አይደለም፤ ጽሕፈት ነው። ጽሕፈት ከሆነ ደግሞ ሊነበብ፥ ሊታረምና ሊጨመርበት ይቻላል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጽሕፈቱን እንድናየው ተፈቅዶልናል ወይስ አልተፈቀደልንም የሚለው ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለወላጆቻችን ላስረዳ። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ነው፤ የሚጽፈውም እንደ ፓይተን ወይም እንደ ሲ ባለ ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ይህ የመጀመሪያው ጽሑፍ ምንጩ ይባላል። ከዚያ በኋላ በብዙ ፕሮግራሞች ዘንድ ምንጩ ኮምፒዩተሩ ብቻ ወደሚያውቀው የቍጥር ቋንቋ ይተረጐማል። ነጋዴው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የሚሸጥልን የተተረጐመውን ብቻ ነው። እኛ የሲዳማ ልጆች በቡና ብንመስለው ይቀለናል፤ የተቈላ ቡና የገዛ ሰው አፍልቶ ይጠጣዋል እንጂ አይተክለውም። ምንጩ የተሰጠው ሰው ግን የዘር ፍሬ እንደ ተሰጠው ነው፤ ይተክለዋል፥ ያዳቅለዋል፥ ለጎረቤቱም ያካፍላል። ክፍት ፕሮግራም የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የነገሩ ታሪክ ረዥም ቢሆንም በአጭሩ እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው ነበር። በቤተ ሙከራቸው የነበረው ማተሚያ ወረቀት ሲነክስ ሠራተኞቹ ወዲያው እንዲያውቁ የሚያደርግ መልእክት በፕሮግራሙ ውስጥ ጨምሮ ነበር። በኋላ አዲስ ማተሚያ በስጦታ ሲመጣላቸው ምንጩ አብሮ አልመጣም፤ ምንጩ አለው የተባለውንም ሰው ሄዶ ቢጠይቅ ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን በዚህ ተቈጥቶ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ አወጀ፤ በ1985ም ማኅበር አቋቋመ። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1991 ነሐሴ ላይ፥ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሊኑክስን መጀመሩን አስታወቀ። ይህ ልጅ ከእኛ በሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው የሚበልጠው። ዛሬ በአንድሮይድ ስልካችሁ ሆድ ውስጥ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። በዓለም ላይ ካሉት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮችም እ.ኤ.አ. ከ2017 ኅዳር ጀምሮ ሁሉም በእርሱ ይሠራሉ። በጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን የሳይንስ ተቋምም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 30 ቀን 1993 ዌብ የተባለውን ጥበብ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ባይለቅ ኖሮ፥ ኢንተርኔት ዛሬ የምናውቀውን መልክ መያዙን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ነጻ» ማለት ከባርነት የወጣ ማለት ነው፤ «በነጻ» ሲባል ግን ያለ ዋጋ ማለት ይሆናል። ብዙ ጓደኞቼ ክፍት ፕሮግራምን የሚወዱት በሁለተኛው ትርጕም ነው። እንዲያ ከሆነማ በከተማችን የሚገኘው ብዙ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ነው፤ በፍላሽ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራልና። ነገር ግን የተሰረቀ ፕሮግራም ከነቫይረሱ ይመጣል፤ ምንጩም እንደ ተቈለፈ ይቀራል። ሌብነቱ ከዋጋው አዳነን እንጂ ከድንቍርናው አላዳነንም።

ይህ ጕዳይ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በአካባቢያችን ያለውን እንሰት ተመልከቱ። አንዲት እናት ደኅና ዋሳ የሚወጣውን የእንሰት ዓይነት ብታገኝ ችግኙን ለጎረቤቷ ትሰጣለች እንጂ አትደብቅም፤ የሲዳማ ጓሮ ብዙ ዓይነት እንሰት ሊኖረው የቻለውም በዚህ ዓይነት መስጠትና መቀበል ነው። በአንጻሩ የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎችን እናስብ። ሥሩንና ቅጠሉን ለአንድ ልጃቸው ብቻ፥ ያውም በስተርጅና፥ በጆሮው ሹክ ይሉታል። ልጁ ቢሞት ወይም ከተማ ገብቶ ቢቀር ያ ሁሉ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ሁለቱም ልማዶች የእኛው ናቸው፤ የቱ እንዳበለጸገንና የቱ እንዳከሰረን ግን አያከራክርም። ሳይንስም ከጥንቈላ የሚለየው በዚሁ ነው። ሳይንቲስት «አገኘሁ» ቢል አያምኑትም፤ መንገድህን አሳየን፥ እኛም ደግመን እንሞክረው ይሉታል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልመለስ። ኮምፒዩተር ወደ አገራችን በገባበት ጊዜ አማርኛን ለመጻፍ ብዙ ሰዎች ደክመዋል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ መሥራቱ ነበር። የዘዴው ነገር እንዲህ ነው። ለኮምፒዩተር እያንዳንዱ ፊደል ቍጥር ነው። በዚያ ጊዜ በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበር፤ ሁሉም ቦታ ደግሞ ለፊደል የሚውል አልነበረም። ስለዚህ የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች የእንግሊዝኛውን ቦታ ወስደው የአማርኛ ፊደል ሣሉበት። ኮምፒዩተሩ ግን ያው የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ይመስለዋል፤ የአማርኛው መልክ ጭምብል ነው። አልበቃ ሲል ፊደላችንን በሁለትና በሦስት ፎንት የከፈሉም ነበሩ፤ ቅጥሉን እንደ ጽሕፈት መኪናው ለብቻ ያደረጉም ነበሩ። የአንዱ ሠሪ «መ» በሌላው ዘንድ «ጨ» ሊሆን ይችላል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ ሲከፈት ጭምብሉ ይወልቅና የእንግሊዝኛ ፊደላት፥ የጥያቄ ምልክቶችና ቅንፎች ተቀላቅለው ይወጣሉ።

ይህን በወሬ ብቻ አላወቅሁትም። ይህን መጽሔት ስናዘጋጅ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፉ እትሞች ያሉበት ፋይል ተሰጠን። ከፍተን ብናየው አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረም። የታተመው የወረቀት ቅጂ ግን ከአንዱ እትም ስለ ተረፈ፥ ሦስት ሆነን ወረቀቱን በአንድ በኩል፥ ፋይሉን በሌላው በኩል አድርገን ፊደል በፊደል አመሳከርን። ይህ ምልክት «ለ» ነው፥ ያኛው «ሙ» ነው እያልን ሰንጠረዥ ሠራን፤ ከዚያም በፓይተን አንድ አጭር ፕሮግራም ጽፌ ምልክቱን ሁሉ በትክክለኛው ፊደል እንዲተካ አደረግሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ በአማርኛ ተነብቦ ሲወጣ የተሰማንን ደስታ አልረሳውም። ሆኖም በሁለተኛው ፎንት የተጻፉት ዲቃሎችና የግዕዝ ቍጥሮች፥ ፋይሉ ሲገለበጥ የትኛው ፎንት እንደ ሆነ የሚናገረው ምልክት ጠፍቶ ስለ ነበር፥ ከወረቀቱ እያየን በእጃችን ሞላናቸው። የሌላው ዓመት እትም በሌላ ፎንት የተጻፈ ነው፤ የወረቀት ቅጂም አልተገኘለትም። በዚያ ውስጥ የማን ግጥም፥ የማን ድርሰት እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም። ፎንቱን የሠራው ሰው የፊደላቱን ሰንጠረዥ በአንዲት ገጽ ጽፎ ለሕዝብ ቢተው ኖሮ ነገሩ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። የአንድ ትምህርት ቤት መጽሔት እንዲህ ከሆነ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ፥ በየማተሚያ ቤቱም ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን አስቡት።

ከዚህ መከራ ያወጣን ዩኒኮድ የተባለው ስምምነት ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቍጥር ይሰጣል፤ ሰንጠረዡም ለማንም ክፍት ነው። ግዕዝ የገባበት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው፤ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ፤ በ2005፥ በ2010ና በ2021 ደግሞ ተጨመረበት። ከደከሙት መካከል ዳንኤል ያዕቆብን መጥቀስ ይገባል። እርሱና ይትና ፍርድይወቅ ከዚያ ቀደም ብለው፥ አማርኛ በላቲን ፊደል በደንብ ተጽፎ በኢሜይል እንዲላክ የሚያስችል ሥርዐት አውጥተው ነበር። የሥርዐቱ ስም በራሱ ደንብ ቢነበብ «ሰራ» ይላል፤ መልካም ስም ነው።

የዩኒኮድን ሰንጠረዥ ያቀናው ሰው የፊደል ገበታን ጠንቅቆ የተማረ ነው እላለሁ። «ሀ» ቍጥሩ 4608 ነው፤ «ሁ» 4609፥ «ሂ» 4610 እያለ ይሄዳል። «ለ» 4616፥ «ሐ» 4624፥ «መ» 4632 ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ከቤት ወደ ቤት 8 ይጨምራል፤ ሰባቱ ለሰባቱ መልክ፥ ስምንተኛው እንደ «ሟ» ላለው ዲቃላ ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሳብዕ ለማወቅ ገበታ መያዝ አያስፈልግም፤ ቍጥሩን ለ8 ማካፈልና ቀሪውን ማየት ይበቃል። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፥ 1 ከሆነ ካዕብ፥ 2 ሣልስ፥ 3 ራብዕ፥ 4 ኃምስ፥ 5 ሳድስ፥ 6 ሳብዕ ነው። የመንደራችንን ስም እንሞክር። «ቡ» 4705 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 588 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ ካዕብ ነው። «ሹ» 4665 ነው፤ እርሱም 1 ይተርፈዋል። «ሎ» 4622 ነው፤ 577 ደርሶ 6 ይተርፋል፤ ሳብዕ ነው። በልጅነታችን በዜማ ያጠናነው ገበታ በአንድ መስመር ሒሳብ ተሠራ ማለት ነው። ይህን ማድረግ የተቻለውም ሰንጠረዡ የተደበቀ ስላልሆነ ነው።

ሰንጠረዡ ግን ሁሉን አይፈታም። «ፀሐይ»፥ «ጸሐይ»ና «ጸሃይ» ለእኛ አንዲት ፀሐይ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ተማሪ በአንድ መዝገብ ላይ በአንደኛው፥ በሌላው ላይ በሁለተኛው ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። የፈረንጅ ፕሮግራም ጸሓፊ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ልንነግረውና ልናርምለት የምንችለው ምንጩ ሲታይ ብቻ ነው።

ሌላው የራሳችን ነገር የዘመን አቈጣጠር ነው። ቡሹሎ ጤና ጣቢያን የማያውቅ የመንደራችን ሰው የለም። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ስንት እናት ወለደች፥ ስንት ሕፃን ተከተበ፥ ስንት ሰው ወባ ያዘው የሚለው በየወሩ ሪፖርት ይሆናል። ጤና ሚኒስቴር ይህን ለማጠናቀር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለውን ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ ተቀበለ። ይህ ፕሮግራም ክፍት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፥ የዘር መድልዎ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ በተጀመረ ሥራ ሲሆን፥ ዛሬ የሚመራው ከኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርስቲ ነው። አሁን የፈረንጅን ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ቢመጣልን ምን እንደሚሆን አስቡ። መስከረማችን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መካከል ይሰነጠቃል፤ ጳጉሜም መግቢያ ያጣል። የወባ ሕመምተኛ የሚበዛው ከክረምት መውጣት በኋላ ስለ ሆነ፥ ወሩ ከተዛባ መድኃኒት የሚላክበትም ጊዜ ይዛባል። በዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ከነዐሥራ ሦስት ወሩ ገብቷል፤ የራሷ አቈጣጠር ያላት የኔፓልም እንደዚሁ።

ለመሆኑ ከባድ ነገር ነውን? ዋናውን ደንብ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አባቶች ያውቁታል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በሉቃስ ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ በሌሎቹ 5 ናት። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ በእርግጥም በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ነበረች። ይህን በፓይተን ለመጻፍ ሦስት መስመር ይበቃል። ደግሞም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የዛሬው ፓይተን «ዓመት» ወይም «ቀሪ» የሚል ስም በግዕዝ ፊደል ቢሰጡት ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ትእዛዛቱ እንግሊዝኛ ቢሆኑም ስሞቹን በገዛ ፊደሌ መጻፌ ልዩ ደስታ ይሰጠኛል።

የተቃዋሚዎችንም ቃል መስማት ተገቢ ነው። ምንጩ ለሁሉ ከተገለጠ ሌባም ያየዋል ይላሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚገኝ ኤክስ ዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ደግ ረዳት መስሎ ሲሠራ ቆየ። የፕሮግራሙን ባለ አደራነት ካገኘ በኋላ ምስጢራዊ በር ሠራበት። በሩ በዓለም ዙርያ ሊበተን ጥቂት ሲቀረው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንደ ዘገየበት አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አለበት» ብሎ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን ቈፍሮ ቈፍሮ ተንኰሉን አገኘውና መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቀ። ፕሮግራሙ የተቈለፈ ቢሆን ኖሮ ዘገየ ብሎ ከማጕረምረም በቀር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ይሁንና ከዚህ ታሪክ የምወስደው ኵራት ብቻ አይደለም። ያንን ፕሮግራም ዓለም ሁሉ ሲጠቀምበት የሚጠብቀው አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ብቻ ነበር። ክፍት በር ጠባቂ ከሌለው ክፍት በር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያነቡ ዐይኖች መብዛት አለባቸው።

የእኛ ዐይኖች ግን ገና ብዙ አይደሉም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር የታቀደው ሥራ ሲታወጅ እኔም ተደስቻለሁ። የምሰጋው፥ ትምህርቱ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ በግድግዳ ላይ ከመስቀል እንዳያልፍ ነው። አንድ ተማሪ ሌላው የጻፈውን ፕሮግራም አንብቦ አንዲት ስሕተት ቢያርም ከአሥር ወረቀት ይበልጥብኛል። ሥራው ደግሞ የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ሀንስፔል የሚባለውን የፊደል ግድፈት አራሚ የጀመሩት ሃንጋሪዎች ለራሳቸው ቋንቋ ነበር፤ ቋንቋቸው እንደ አማርኛ በቃሉ ላይ ብዙ ቅጥያ የሚደራርብ ስለ ሆነ የእንግሊዝኛው አራሚ አልበቃቸውም። ክፍት ስላደረጉት ዛሬ በፋየርፎክስና በሊብረኦፊስ ውስጥ የብዙ አገር ቋንቋ ያርማል፤ ለአማርኛም የቃላት ዝርዝር ተዘጋጅቶለታል። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ሲዳምኛን አሳምረው የሚያውቁ የክፍል ጓደኞቼ ቢነሡ፥ ለሥራው የሚያስፈልጋቸው የቃላት ዝርዝርና የቅጥያ ደንብ ነው። ቃላቱን ከእናቶቻቸው ያገኛሉ፤ ደንቡን ከሰዋስው መምህራችን፤ ፕሮግራሙን በመጻፍ እኔ አግዛለሁ።

እስከዚያው ለታናናሾቻችን መለማመጃ የሚሆን አንድ ቃል በቍጥር እነሆ፦ 4624፥ 4845፥ 4677። ለመፍቻ የሚረዱ፤ «ቀ» 4672 ነው፥ «የ» 4840 ነው፤ «ሐ»ን ከላይ ጽፌዋለሁ። መልሱን ከቡሹሎ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ያገኘዋል።